ራሽናልና ኢራሽናል ቁጥሮች፦ ልኩን ከግምት መለየት

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ አንባቢያን እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ዝግጅታችን ከወትሮው ትንሽ ለየት ያለ ርዕስ ይዟል። የምንነጋገረው ስለ ቁጥር ነው። በተለይም ልጆቻችን በትምህርት ቤት ራሽናል እና ኢራሽናል እያሉ ስለሚማሯቸው ሁለት የቁጥር ዓይነቶች ነው። ሒሳብ ነው ብላችሁ ሬዲዮናችሁን እንዳትዘጉት አደራ! ጉዳዩ የተማሪ ብቻ አይደለም። የሟች ንብረት የሚከፋፈልበት ቤት፣ ዘካ የሚያወጣ ነጋዴ፣ የቤት መሠረት የሚያስቆፍር አባወራ፣ ሁሉም በየዕለቱ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ይገናኛል።

ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱባቸውን ሁለት ጥያቄዎች በቅድሚያ እናንሳ። አንደኛው፦ 0.3333 እያለ ማለቂያ የሌለው ቁጥር ራሽናል ነው ወይስ ኢራሽናል? ሁለተኛው፦ የክብ ዙሪያ የሚሰላበት ፓይ የሚባለው ቁጥር 22 ሲካፈል ለ7 ነው ከተባለ፣ ክፍልፋይ ሆኖ ሳለ ለምን ኢራሽናል ይባላል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመለስ የቻለ ልጅ ትምህርቱን ይዞታል ማለት ይቻላል። ኢንሻአላህ ንግግራችን ሲያበቃ እናንተም መልሱን ለልጆቻችሁ ልትነግሯቸው ትችላላችሁ። ወረቀትና እርሳስ በአቅራቢያችሁ ካለ አንሱ።

ራሽናል ቁጥር ምንድን ነው?

ራሽናል የሚለው ስያሜ የመጣው ሬሾ ከሚለው ቃል ነው። ሬሾን በአማርኛ ንጥጥር እንለዋለን። አንዳንድ ሰዎች ግን ቃሉን "ምክንያታዊ" ብለው ስለሚተረጉሙት፣ ኢራሽናል የተባለው ቁጥር ምክንያት የለሽ ወይም የተበላሸ ቁጥር ይመስላቸዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ራሽናል ቁጥር ማለት በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ንጥጥር፣ ማለትም በክፍልፋይ ሊጻፍ የሚችል ቁጥር ማለት ነው። ከላይ አንድ ሙሉ ቁጥር፣ ከታች ደግሞ ዜሮ ያልሆነ ሌላ ሙሉ ቁጥር ይቀመጣል። የላይኛውን ላዕል፣ የታችኛውን ታህት እንላለን። ግማሽ፣ ሲሶ፣ ሩብ ሁሉም ራሽናል ናቸው። 5 ራሱ 5 ሲካፈል ለ1 ስለሆነ ራሽናል ነው። 0.25 አንድ አራተኛ ስለሆነ ራሽናል ነው። ከዜሮ በታች ያሉትም እንደዚሁ በክፍልፋይ ከተጻፉ ራሽናል ናቸው።

እንግዲህ ሙስሊም ቤተሰብ ለዚህ ዓይነቱ ቁጥር እንግዳ አይደለም። የገንዘብ ዘካ አንድ አርባኛ ነው። በዝናብ የበቀለ እህል አንድ አስረኛ፣ በድካምና በወጪ በመስኖ የለማ ደግሞ አንድ ሃያኛ ይወጣበታል። በሱረቱ አን-ኒሳእ የተደነገጉት የውርስ ድርሻዎችም ስድስት ናቸው፤ እነሱም ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛ እና አንድ ስድስተኛ ናቸው። ሁሉም ክፍልፋዮች፣ ሁሉም ራሽናል ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሞተና ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ 240,000 ብር ቀረ እንበል። ወራሾቹ ሚስቱ፣ እናቱ፣ አባቱና አንድ ወንድ ልጁ ናቸው። ልጅ ስላለ ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ እናት አንድ ስድስተኛ፣ አባትም አንድ ስድስተኛ ይወስዳሉ፤ የቀረው ለልጁ ነው። ስምንትንና ስድስትን የሚያስማማው ትንሹ ቁጥር 24 ነው። ስለዚህ ንብረቱን 24 ቦታ እንከፍለዋለን። ሚስት 3፣ እናት 4፣ አባት 4 እጅ ሲወስዱ ለልጁ 13 እጅ ይቀራል። እያንዳንዱ እጅ 10,000 ብር ስለሆነ ሚስት 30,000፣ እናት 40,000፣ አባት 40,000፣ ልጅ 130,000 ብር ያገኛሉ። ሲደመር 240,000 ነው። አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ አንድ ሳንቲምም አልተረፈም።

አሁን ደግሞ አንድ ሰው ክፍልፋዩን ትቶ በእጅ ስልኩ ካልኩሌተር አሰላ እንበል። አንድ ስድስተኛ ብሎ ሲያካፍል 0.1666 እያለ ይሄድበታል። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አሃዝ ይበቃል ብሎ 0.16 ያዘ። አንድ ስምንተኛንም ከ0.125 ቆርጦ 0.12 አደረገው። በዚህ ሒሳብ ሚስት 28,800፣ እናት 38,400፣ አባትም 38,400 ብር ይደርሳቸዋል። የቀረው ለልጅ ነውና ልጁ 134,400 ብር ወሰደ። ከሚስት 1,200፣ ከእናትና ከአባት 1,600፣ 1,600 ብር ተነስቶ በጠቅላላው 4,400 ብር ያላግባብ ወደ ልጁ ሄደ። ማንም ሊሰርቅ አላሰበም፤ ግን ሐቅ ከባለቤቱ ወጣ።

"እንግዲያው መቁረጡን ትተን በደንቡ እናጠጋጋ" ያለ ቢኖር ደግሞ 0.13፣ 0.17 እና 0.17 ይሆናል። ያን ጊዜ ሚስት 31,200፣ እናትና አባት 40,800፣ 40,800 ብር ይወስዱና ልጁ 2,800 ብር ይጎድልበታል። ጉዳቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ስለሆነም የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ነው፦ ልኩ የሚታወቅን ቁጥር ሳይገደዱ ወደ ግምት መለወጥ አይገባም። ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው እንደ ክፍልፋይ ያዙት፤ ወደ ብር የምትለውጡት በመጨረሻ ላይ ይሁን። (ይህ የሒሳብ ማስረጃ ብቻ ነው። እውነተኛ የውርስ ጉዳይ ሲያጋጥም ወራሾቹን ሁሉ ቆጥሮ ለሚያውቅ ዓሊም ወይም ለሸሪዓ ፍርድ ቤት ማቅረብ ያስፈልጋል።)

የማያልቅ ግን የሚደጋገም

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። 0.3333 እያለ የማያልቀው ቁጥር ምን ይባላል? ብዙ ልጆች "ስለማያልቅ ኢራሽናል ነው" ብለው ይመልሳሉ። ስህተት ነው። ይህ ቁጥር ሲሶ ነው፤ ሲሶ ደግሞ ክፍልፋይ ነው። አለማለቁ ኢራሽናል አያሰኘውም።

ምክንያቱን በሌላ የውርስ ምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት ሞታ ባሏና ሁለት የአባትና የእናት እህቶቿ ብቻ ወረሷት እንበል። የባል ድርሻ ግማሽ፣ የእህቶች ሁለት ሦስተኛ ነው። ሁለቱን ስንደምር ሰባት ስድስተኛ ይሆናል፤ ከንብረቱ በላይ ማለት ነው። የፈራኢድ ሊቃውንት ይህን ዐውል ይሉታል። መፍትሔውም ታህቱን ከ6 ወደ 7 ከፍ ማድረግ ነው። ባል ሦስት ሰባተኛ፣ እህቶች አራት ሰባተኛ ይወስዳሉ፤ ጉድለቱ ለሁሉም እንደ ድርሻቸው ይዳረሳል። ንብረቱ 210,000 ብር ቢሆን ባል 90,000፣ እህቶች 120,000 ብር ያገኛሉ፤ ይህም ለእያንዳንዳቸው 60,000 ነው።

እንግዲህ 1ን ለ7 በወረቀት እናካፍል። 1 ለ7 ስለማይደርስ ዜሮ ጨምረን 10 እናደርገዋለን። 10 ለ7 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይቀራል። 30 ለ7፣ 4 ደርሶ 2 ይቀራል። 20 ለ7፣ 2 ደርሶ 6 ይቀራል። 60 ለ7፣ 8 ደርሶ 4 ይቀራል። 40 ለ7፣ 5 ደርሶ 5 ይቀራል። 50 ለ7፣ 7 ደርሶ 1 ይቀራል። ልብ በሉ! የቀረው 1 ነው፤ የተነሳነውም ከ1 ነበር። ስለዚህ ያው መንገድ እንደገና ይጀመራል። መልሱ 0.142857 142857 142857 እያለ ይደጋገማል።

ይህ የግድ ነው፤ አጋጣሚ አይደለም። ለ7 ስናካፍል ሊቀሩ የሚችሉት ከ1 እስከ 6 ያሉት ብቻ ናቸው። ቀሪው ዜሮ ከሆነ ማካፈሉ ያበቃል። ዜሮ ካልሆነ ግን ስድስቱ ቀሪዎች ሲያልቁ አንዱ መመለሱ አይቀርም። አንዴ ከተመለሰ ደግሞ ሁሉም በቀድሞ ተራው ይከተላል። ታህቱ 7 ይሁን 24 ወይም 1,000፣ ሕጉ ያው ነው። ስለዚህ ማንኛውም ክፍልፋይ ወደ አስርዮሽ ሲለወጥ ወይ ያልቃል፣ ወይ ይደጋገማል። ሦስተኛ ዕድል የለውም።

የሚደጋገመውንም ወደ ክፍልፋይ መመለስ ይቻላል። 0.2727 እያለ የሚሄደውን ቁጥር በ100 ስናባዛው 27.2727 እያለ ይሄዳል። ከዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስንቀንስ የማያልቀው ጭራ እርስ በርሱ ተጣፍቶ 27 ብቻ ይቀራል። የቁጥሩ 99 እጥፍ 27 ከሆነ፣ ቁጥሩ 27 ሲካፈል ለ99 ነው፤ ሲቃለል 3 አስራ አንደኛ ይሆናል።

ኢራሽናል የሚባለው ታዲያ የቱ ነው?

የማያልቅም፣ አንድ ቡድን አሃዝ ይዞ የማይደጋገምም ቁጥር ነው። በሌላ አነጋገር በምንም ዓይነት የሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሊጻፍ የማይችል ነው። "ለመሆኑ እንዲህ ዓይነት ቁጥር አለ ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በቤታችሁ ውስጥ አለ እንላችኋለን።

አንድ ኤ4 የሚባለውን የፎቶ ኮፒ ወረቀት አምጡ። አጭሩ ጎኑ 210 ሚሊ ሜትር፣ ረጅሙ 297 ሚሊ ሜትር ነው። አጭሩን ጎን በረጅሙ ጎን ላይ አስተኝታችሁ እጠፉት። አራቱም ጎኖቹ 210 የሆኑ ካሬ ይወጣል፤ የእጥፋቱ መስመር ደግሞ ከካሬው አንድ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ያልፋል። አሁን የእጥፋቱን መስመር ከሌላ ኤ4 ወረቀት ረጅም ጎን ጋር አስተያዩት። ልክ ለልክ ይሆናል! በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1922 ይህን የወረቀት ልክ በደረጃነት ያወጡት ሰዎች ሆን ብለው ያደረጉት ነው። ወረቀቱ ለሁለት ቢቆረጥ ቅርጹ እንዳይለወጥ የፈለጉት ይህንኑ ንጥጥር ነበር።

የካሬው ጎን 1 ቢሆን ያ አግድም መስመር ስንት ነው? በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር የ2 ስኩዌር ሩት እንለዋለን። 7 አምስተኛ ነው እንበል? 7 በ7 49 ነው፤ 5 በ5 25፣ እጥፉ 50። በአንድ ጎደለ። 17 አስራ ሁለተኛስ? 17 በ17 289፤ 12 በ12 144፣ እጥፉ 288። በአንድ ተረፈ። የወረቀታችን 297 እና 210 ለ3 ሲቃለሉ 99 እና 70 ይሆናሉ። 99 በ99 9,801፤ 70 በ70 4,900፣ እጥፉ 9,800። አሁንም በአንድ ተረፈ! 577 እና 408ን ብንሞክር 332,929 እና 332,928 እናገኛለን። ያቺ አንድ አትጠፋም።

በወረቀቱ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሃምሳኛ እንኳ ያንሳል። ዓይን አያየውም፤ ማስመሪያም አይለየውም። ታዲያ ሌላ ትልቅ ክፍልፋይ ብንፈልግ አንድ ቀን በትክክል አይገኝም ወይ? አይገኝም። ይህን የምናውቀው በመለካት ሳይሆን በማሰብ ነው። ማስረጃውን ቀስ ብላችሁ ተከታተሉ።

ልኩ የሆነ ክፍልፋይ ተገኘ እንበል። 6 ስምንተኛ 3 አራተኛ እንደሚሆን ሁሉ፣ ይህንንም ከዚያ በላይ እስከማይቃለል ድረስ አቃለልነው። በራሱ ሲባዛ 2 ይሰጣል ካልን፣ ላዕሉ በራሱ ሲባዛ የሚሰጠው ታህቱ በራሱ ተባዝቶ ከሚሰጠው ሁለት እጥፍ ነው። የማንኛውም ሙሉ ቁጥር እጥፍ ደግሞ ተጋማሽ ነው፤ ለ2 ይካፈላል። ተጋማሽ ያልሆነ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ተጋማሽ አይሰጥም፤ 3 በ3 9፣ 5 በ5 25 ነው። ስለዚህ ላዕሉ ራሱ ተጋማሽ ነው። ተጋማሽ ቁጥር በራሱ ሲባዛ ለ4 ይካፈላል። የታህቱ ብዜት እጥፍ ለ4 ከተካፈለ፣ ብዜቱ ራሱ ለ2 ይካፈላል ማለት ነው፤ እንግዲያው ታህቱም ተጋማሽ ሆነ። ላዕሉም ታህቱም ተጋማሽ ከሆኑ ክፍልፋዩ ለ2 ሊቃለል ይችላል። እኛ ግን ከዚህ በላይ አይቃለልም ብለን ነበር የተነሳነው! ሁለቱ ነገሮች አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ መነሻችን ሐሰት ነበር፤ እንዲህ ያለ ክፍልፋይ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መታወቅ አለበት። ኢራሽናል ቁጥር ግምት አይደለም። መስመሩ በወረቀቱ ላይ አለ፤ መጀመሪያም መጨረሻም አለው፤ ርዝመቱ ቁርጥ ያለ ነው። ግምት የሚሆነው እኛ 1.41 ወይም 1.4142 ብለን የምንጽፈው ነው። ካልኩሌተራችሁ 1.414213562 ብሎ ሲያቆም ቁጥሩ አልቆ አይደለም፤ የማሳያው ቦታ አልቆ ነው።

የሚናገረውና ደንቆሮው

የጥንቱ የዐረብኛ ሒሳብ ለእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ደስ የሚሉ ስሞች ነበሩት። ራሽናሉን ሙንጠቅ ይሉታል፤ ሊነገር የሚችል እንደ ማለት ነው። ኢራሽናሉን ሥር ደግሞ አሰም ይሉታል፤ ደንቆሮ ማለት ነው። ሲሶ ብንለው ልኩን ነገርነው፤ የ2 ስኩዌር ሩት ግን ምን ያህል ብንጠይቀው በክፍልፋይ ቋንቋ አይመልስም። ቃሉ ወደ ላቲን ሲተረጎም ያንኑ ትርጉም ይዞ ሄደ። ዛሬ በእንግሊዝኛ የሒሳብ መጻሕፍት ሰርድ የሚባለው ስያሜ ከዚያ የመጣ ነው።

በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን (እ.ኤ.አ. 813–833) በባግዳድ የሠራው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም የተወሰደበትን መጽሐፍ ጽፏል። የዚያ መጽሐፍ ሰፊ ክፍል የሚያወራው ስለ ውርስና ኑዛዜ አከፋፈል ነው። እንግዲህ ልጆቻችን "ይህ ምን ይጠቅመናል?" የሚሉት አልጀብራ ከጥንቱ ጀምሮ የወራሾችን ሐቅ ለማስላት ያገለግል እንደነበር ይወቁ። ከእሱ በኋላ የመጣው ግብጻዊው አቡ ካሚል ደንቆሮዎቹን ሥሮች እንደ ማንኛውም ቁጥር ደምሮ፣ ቀንሶ፣ አባዝቶ በስሌት ውስጥ ተጠቀመባቸው። በክፍልፋይ ባይነገሩም የራሳቸው ሥርዓት እንዳላቸው ሥራው አሳየ።

22 ሲካፈል ለ7 ፓይ አይደለም

አሁን ሁለተኛውን ጥያቄ እንመልስ። ፓይ ማለት የማንኛውም ክብ ዙሪያ በመሐሉ በሚያልፈው ስፋቱ፣ ማለትም በዲያሜትሩ ሲካፈል የሚሰጠው ቁጥር ነው። እሱም 3.14159265 እያለ ሳይደጋገም ይቀጥላል። 22 ሲካፈል ለ7 ግን 3.142857 እያለ ይደጋገማል። ከነጥቡ በኋላ ሦስተኛው አሃዝ ላይ ይለያያሉ። ስለዚህ 22 ሰባተኛ ራሽናል ነው፤ 3.14ም ራሽናል ነው፤ ፓይ ግን ኢራሽናል ነው። ሁለቱ የፓይ ጎረቤቶች እንጂ ፓይ አይደሉም።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው? ዲያሜትሩ 56 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምጣድ ብንወስድ፣ በ22 ሰባተኛ ስናሰላ ዙሪያው 176 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትክክለኛው ወደ 175.93 ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ለምጣድ ከበቂ በላይ ነው። አል-ኸዋሪዝሚም ሦስት ከአንድ ሰባተኛን ሰዎች ለዕለት ሥራ የሚጠቀሙበት ልክ አድርጎ እንጂ የተረጋገጠ እውነት አድርጎ አላቀረበውም።

በዚህ ረገድ ትልቅ ምሳሌ የሚሆነን በሰመርቀንድ ይሠራ የነበረው ጀምሺድ አል-ካሺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1424 ከ800 ሚሊዮን በላይ ጎኖች ያሉትን ቅርጽ በስሌት ተጠቅሞ የክብን ዙሪያ ከነጥብ በኋላ እስከ 16 አሃዝ ድረስ በትክክል አወጣ። ይህን ውጤት የሚበልጥ ለ170 ዓመት ያህል አልተገኘም። ከውጤቱ ይልቅ ግን አሠራሩ ያስደንቃል። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምን ያህል ስህተት እንደሚፈቅድ ወሰነ፦ በዘመኑ ይታሰብ በነበረው የጽንፈ ዓለም ዙሪያ ላይ እንኳ ስህተቱ ከአንድ የፈረስ ፀጉር ውፍረት እንዳይበልጥ አለ። ግምቱን ግምት ብሎ ጠራው፤ የግምቱንም ወሰን አስቀድሞ ተናገረ። ፓይ በእርግጥ ኢራሽናል መሆኑ በማስረጃ የተረጋገጠው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በ1760ዎቹ፣ ዮሃን ላምበርት በተባለ የሒሳብ ሊቅ ነው።

ልጆች የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች

ውድ ወላጆች፣ የልጆቻችሁን ደብተር ስታዩ እነዚህን አራት ነገሮች ጠይቋቸው።

አንደኛ፣ "ማለቂያ የሌለው ሁሉ ኢራሽናል ነው" ካሉ ሲሶን አስታውሷቸው።

ሁለተኛ፣ "ስኩዌር ሩት ምልክት ያለበት ሁሉ ኢራሽናል ነው" ካሉ የ9 ስኩዌር ሩት 3፣ የ4 ዘጠነኛ ስኩዌር ሩት ደግሞ 2 ሦስተኛ መሆኑን አሳዩአቸው። ግንበኞች የቤት ማዕዘን ሲያስተካክሉ በአንዱ ወገን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተው በመካከል ያለው 5 ሜትር መሆኑን ያያሉ። 9 እና 16 ሲደመሩ 25፣ የ25 ስኩዌር ሩት ልክ 5 ነው። ይህ አግድም የሚናገር ነው።

ሦስተኛ፣ "አሠራሩ የሚታወቅ ከሆነ ራሽናል ነው" ካሉ 0.101001000100001 እያለ የሚሄደውን ቁጥር ጻፉላቸው። በየመሐሉ አንድ ዜሮ እየተጨመረ እንደሚሄድ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ቡድን አይደጋገምም። ስለዚህ ኢራሽናል ነው። መለያው መደጋገም እንጂ መታወቅ አይደለም።

አራተኛ፣ "ካልኩሌተሩ ያሳየኝ ልክ ነው" ካሉ 1ን ለ3 አካፍለው የሚያዩትን ቁጥር በወረቀት ይጻፉትና ያንኑ በእጃቸው በ3 ያባዙት። 0.99999999 እንጂ 1 አያገኙም። የጎደለችው ማሳያው የቆረጣት ናት።

እናቶችና አባቶች፣ "እኛ አልተማርንም፣ ምን ልንረዳቸው እንችላለን?" አትበሉ። ኤ4 ወረቀት ለማጠፍ፣ የምጣድን ዙሪያ በክር ለመለካት ዲፕሎማ አያስፈልግም። ልጁ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ "ለምን?" በሉት። ማስረዳት ሲያቅተው ያልገባውን ራሱ ያገኘዋል። በዚህ ዕድሜ ከሒሳብ የሚሸሹ ልጆች ብዙዎቹ የሚሸሹት ከቁጥሩ ሳይሆን ሳይገባቸው ከሸመደዱት ነገር ነው። 22 ሰባተኛ ፓይ ነው ብሎ የሸመደደ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ፓይ ኢራሽናል ነው ሲባል ግራ ይጋባል፤ ጥፋቱም የእሱ ይመስለዋል። ሴቶች ልጆቻችንንም "ሒሳብ ለወንድ ነው" እያልን አናስፈራራቸው። ነገ ድርሻቸው ሲሰላ ወረቀቱን አንብበው "ይህ አንድ ስምንተኛ አይደለም" ማለት የሚችሉ ይሁኑ።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ እስካሁን ያልነውን እንጠቅልለው። ክፍልፋይ ሆኖ የሚጻፍ ቁጥር አለ፤ ወይ ያልቃል፣ ወይ ይደጋገማል። ልኩ ይነገራል፤ ስለዚህ ልኩን መናገር ግዴታችን ነው፤ በተለይ የሰው ሐቅ ሲሆን። ክፍልፋይ ሆኖ የማይጻፍም ቁጥር አለ፤ አያልቅም፣ አይደጋገምም። ወደ እሱ የምንችለውን ያህል እንጠጋለን፤ ስንጠጋም "ወደዚህ ይጠጋል" እንላለን እንጂ "ይህ ነው" አንልም። የመጀመሪያውን ማጠጋጋት ሐቅ ያጎድላል፤ ሁለተኛውን ልክ ነው ማለት ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ማለት ነው። ሁለቱን ለይቶ ያወቀ ልጅ ፈተና ብቻ አያልፍም፤ በሚዛንና በሒሳብ ላይ ቢሾም የሚታመን ሰው ይሆናል።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን፤ ልጆቻችንንም ለራሳቸው፣ ለቤተሰባቸውና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።